በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ስክሪኑ እንዴት እንደሚስተካከል

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፥ ዛሬ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚባለው ስፍራ፥ ንፋስ ስልክ የሚሉት ሰፈር አለ። ስሙን ያወጣው የቀደመው ትውልድ ነው። በሽቦ የሚሄደውን ስልክ አስቀድሞ ያውቅ ነበርና፥ ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር መልእክት የሚልከው ጣቢያ በዚያ በቆመ ጊዜ፥ ከባሕር ማዶ ስም ሳይበደር «ንፋስ ስልክ» አለው። ስሙም የመኪናውን ጠባይ በሁለት ቃል ገለጠው። አዲስ ነገር በመጣ ጊዜ ምን እንደሚሠራ መርምሮ በአገር ቋንቋ መናገር እንዲህ ነው።

የንፋስ ስልክ ሥራ የሚፈጸመው ላኪውና ተቀባዩ በተስማሙ ጊዜ ነው። ላኪው በአንድ የሞገድ ቁጥር ሲልክ ተቀባዩ በሌላ ቁጥር ቢጠብቅ፥ ሁለቱም ደኅና ሳሉ መልእክቱ አይሰማም። የኮምፒዩተር ስክሪንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ሥዕልን ይልካል፤ ስክሪኑ ይቀበላል። ሁለቱ በቁጥር ካልተስማሙ፥ አንዳቸውም ሳይሞቱ ስክሪኑ ይጨልማል።

ይህን ማወቅ ለገጠር ትምህርት ቤት የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ትምህርት ቤቶች የሚመጡት ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው የሠራባቸው አሮጌዎች ናቸው፤ ስክሪናቸውም ከሌላ ኮምፒዩተር የተነጠለ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር «ተበላሽቷል» ይባላል፤ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ አቧራ ይለብሳል፤ በመጨረሻም ከንብረት መዝገብ ይሰረዛል። ሳይመረመር የተፈረደበት መኪና እንደዚህ ሲቀር፥ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች ያለ ትምህርት ይቀራሉ። ስለዚህ አስተማሪው ከመፍረዱ አስቀድሞ መመርመርን ይወቅ፤ ይህም ትምህርት የምርመራውን ሥርዐት ያሳያል።

1ኛ፤ ሊኑክስ ምንድር ነው

የኮምፒዩተርን ልዩ ልዩ ክፍሎች እያዘዘ የሚያሠራው ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ሊኑክስም ከነዚህ አንዱ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ፥ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1991) ሥራውን ለዓለም አስታወቀ። ከርሱ አስቀድሞ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በመስከረም 1976 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1983) ግኑ የሚባለውን ሥራ አስታውቆ ነበርና የሁለቱ ሥራ ተጋጠመ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ብዙ ሺህ ሰዎች የየድርሻቸውን ጨምረውበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሥራ ላይ ተፈጽሞ ይታያል።

በጥቅምት 1997 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2004) ደግሞ ማርክ ሸትልወርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዐይነት አወጣ። ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቋንቋ ሰው ለሰው ያለውን ሰብአዊነት የሚያመለክት ቃል ነው።

ለገጠር ትምህርት ቤት የሊኑክስ ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ለፈቃድ ገንዘብ ሳይከፈልበት ይገኛል። ሁለተኛ፥ ቀለል ያሉት ዐይነቶቹ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራሉ። ሦስተኛ፥ ውስጡ ለሚማር ሰው ሁሉ የተገለጠ ነው። ዳሩ ግን የተገለጠ ቤት ባለቤቱን ትጋት ይጠይቀዋል፤ አንዳንዱን ነገር አስተማሪው በእጁ ማስተካከል ይገባዋል።

2ኛ፤ ሥዕል ወደ ስክሪን የሚደርስበት መንገድ

ነገሩን በጽሕፈት ቤት ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በጽሕፈት ቤት አለቃው ያዝዛል፤ ጸሓፊው ደብዳቤውን በወግ ይጽፋል፤ መልእክተኛው ያደርሳል፤ ደብዳቤው የተጻፈለትም ያነባል። በኮምፒዩተርም ውስጥ እንዲሁ ሥራው በየተራ ነው።

በመጀመሪያ፥ ፊደል የሚጻፍበት ወይም ሥዕል የሚታይበት ፕሮግራም ምን እንዲታይ እንደሚፈልግ ይናገራል። ሁለተኛ፥ የፕሮግራሞቹን ሁሉ ቃል ሰብስቦ በአንድ ገጽ ላይ የሚያሰናዳ ክፍል አለ። የቀድሞው ኤክስ ይባላል፤ እርሱም በ1976 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1984) በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀምሮ፥ እስከ ዛሬ የሚሠራበት 11ኛው እትም በመስከረም 1980 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1987) ወጣ። አዲሱ ዋይላንድ ይባላል፤ ሥራው የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2008) ሲሆን፥ በብዙዎቹ አዳዲስ የሊኑክስ ዐይነቶች የኤክስን ስፍራ ይዟል። ሦስተኛ፥ ድራይቨር የሚባለው በሊኑክስና በግራፊክስ ካርዱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። አራተኛ፥ ግራፊክስ ካርዱ የተሰናዳውን ገጽ ወደ ምልክት ለውጦ በገመድ ይልካል። አምስተኛ፥ ስክሪኑ ምልክቱን ተቀብሎ ነጥብ በነጥብ ያበራዋል።

የግራፊክስ ካርድ ሠሪዎች ዋናዎቹ ኢንቴል፥ ኤኤምዲና ኤንቪዲያ ናቸው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። የኤንቪዲያ ግን ለብዙ ዘመን ተለይቶ የሚጫን ነበር፤ ፈቃደኞች ከውጭ ሆነው እየመረመሩ ኑቮ የተባለውን ድራይቨር ሠሩለት። በግንቦት 2014 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2022) ኩባንያው ራሱ የድራይቨሩን አንዱን ክፍል ገልጦ አውጥቷል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የኤንቪዲያ ካርድ ያለበት እንደ ሆነ አስተማሪው ለድራይቨሩ ነገር አብልጦ ይጠንቀቅ።

ስክሪኑም ዝም ብሎ ተቀባይ ብቻ አይደለም። በውስጡ ትንሽ መዝገብ አለችው፤ የመጀመሪያዋ ክፍል 128 ባይት ብቻ ናት። ሠሪዬ እገሌ ነው፥ ስፋቴ ይህን ያህል ነው፥ የምቀበለውም ቁጥር ይህ ነው ብላ በገመዱ በኩል ለኮምፒዩተሩ ትናገራለች። ይህ ሥርዐት ኢዲአይዲ ይባላል፤ የወጣውም በነሐሴ 1986 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1994) ነው። ከዚያ በፊት ሰው የስክሪኑን ቁጥሮች ከመጽሐፉ ላይ አንብቦ በኤክስ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ በእጁ ይጽፍ ነበር፤ ሒሳቡን የሳተ ሰውም ባለ መስተዋት ቱቦውን አሮጌ ስክሪን እስከ ማበላሸት ሊያደርስ ይችል ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጠይቃል፤ ስክሪኑ ራሱ ይመልሳል።

ዳሩ ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ገመዱ የተጎዳ እንደ ሆነ የስክሪኑ ቃል አይደርስም። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንግዳውን ስለማያውቀው፥ ለሁሉ ይስማማል ብሎ የሚያስበውን ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጠዋል። ሥዕሉ የተለጠጠና የደበዘዘ ሆኖ ሲታይ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3ኛ፤ ሊታወቁ የሚገባቸው ሦስት ቁጥሮች

የመጀመሪያው የነጥቦች ቁጥር ነው፤ ሬዞሉሽን ይባላል። በ1979 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1987) ቪጂኤ የተባለው አሠራር በወጣ ጊዜ ሥዕሉ በወርድ 640 በቁመት 480 ነጥብ ነበረው፤ ሲባዛ 307,200 ነጥብ ይሆናል። ዛሬ የተለመደው 1,920 በ1,080 ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ስክሪን ከፋብሪካው የወጣበት አንድ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሥዕሉ ጥርት ብሎ የሚታየው በርሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥዕሉ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚናገር ነው። መለኪያው ኸርዝ ሲሆን፥ የተለመደው 60 ነው። ስክሪኑ ከሚችለው በላይ ቢላክለት ይጨልማል፥ ወይም «ከመጠን በላይ» የሚል ጽሕፈት ያሳያል። ይህ ጽሕፈት መልካም ምስክር ነው፤ ስክሪኑ በሕይወት አለ፥ ገመዱም መልእክት አድርሷል ማለት ነውና።

ሦስተኛው ስኬል የሚባለው ነው፤ የነጥቦቹን ቁጥር ሳይለውጥ ፊደሉንና ሥዕሉን በመቶኛ ያገዝፋል። 100 እንደ ተፈጥሮው ማለት ነው፤ 200 እጥፍ ማለት ነው።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ቁጥር መሳሳት ሥራን ያስተጓጉላል። የመጀመሪያውና የሦስተኛው መምታታት ግን ትምህርትን ይጎዳል። ብዙ ሰው ፊደሉ ደቀቀ ሲባል የነጥቦቹን ቁጥር ያሳንሳል። ፊደሉ በርግጥ ይገዝፋል፤ ነገር ግን ስክሪኑ ጎረቤት ነጥቦችን እያደባለቀ ስለሚያሳይ ጠርዙ ይደበዝዛል። የኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በትንሽ ምልክት ነው። የ«ቡ» ምልክት ከወገቡ ላይ ይቀጠላል፤ የ«ቢ» ከእግሩ ላይ ይቀጠላል፤ «ቤ» በእግሩ ላይ ቀለበት ይጨምራል። ጠርዙ በደበዘዘ ስክሪን ላይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ካዕቡን ከሣልሱ፥ ሣልሱን ከኃምሱ ሊለይ አይችልም፤ ሰነፍ ተብሎም ይገሠጻል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ የነጥቦቹ ቁጥር በስክሪኑ በራሱ ቁጥር ይቁም፤ ፊደል ማግዘፍ ሲያሻ ስኬሉ ይጨመር።

በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን ቢታይ ግን የስክሪኑ ጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በ345 ምልክቶች ነው። ሣጥን የሚታየው ፊደሉን የሚስል ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ ሳይጫን የቀረ እንደ ሆነ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉት በነጻ የሚገኙ ፎንቶች ቢጫኑ ሣጥኑ ወደ ፊደል ይለወጣል።

4ኛ፤ ስክሪኑ ደኅና ሳለ የሚደረግ ማስተካከል

በኡቡንቱ ሴቲንግስ የሚለው ይከፈታል፤ በውስጡም ዲስፕሌይስ የሚለው ይመረጣል። በዚያ ሦስቱ ቁጥሮች ተዘርዝረው ይገኛሉ። ፕሮጀክተር ወይም ሁለተኛ ስክሪን የተቀጠለ እንደ ሆነ ሁለት ምርጫ አለ። ሚረር የሚለው እንደ መስተዋት ነው፤ በሁለቱም ላይ አንድ ሥዕል ይታያል፤ ለክፍል ትምህርት የሚመቸው ይህ ነው። ጆይን የሚለው ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ያደርጋቸዋል፤ አስተማሪው በአንዱ ላይ የግል ማስታወሻውን፥ በሌላው ላይ ለተማሪዎች የሚታየውን ያደርጋል።

ቁጥር ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ «ይህ ይጽና ወይስ ይመለስ» ብሎ ይጠይቃል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መልስ ካላገኘ የቀድሞውን ራሱ ይመልሳል። ይህን የሠሩ ሰዎች አስተዋዮች ናቸው፤ ስክሪኑ የጨለመበት ሰው መልስ ሊሰጥ እንደማይችል አስበዋልና። ስለዚህ ቁጥር ለውጦ የጨለመበት ሰው ኮምፒዩተሩን ከመንቀል ይልቅ እጁን ሰብስቦ ግማሽ ደቂቃ ይታገሥ።

ተርሚናል በሚባለው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት መሥራት የሚወድ ሰው ደግሞ ሁለት ትእዛዞችን ይያዝ። ሁለቱም በትንንሹ የላቲን ፊደል ሳይከፋፈሉ ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ኤል፥ ኤስ፥ ፒ፥ ሲ፥ አይ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱን ስም ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ይዘረዝራል። ሁለተኛው ኤክስ፥ አር፥ ኤ፥ ኤን፥ ዲ፥ አር ነው፤ የተቀጠለውን ስክሪንና የሚቀበላቸውን ቁጥሮች ያሳያል፤ በኤክስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ለመለወጥም ያገለግላል። በዋይላንድ በሚሠራው ላይ ግን መለወጡ በሴቲንግስ በኩል ይሁን።

5ኛ፤ ስክሪኑ ሲጨልም የሚደረግ ምርመራ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ።

አንደኛ፤ ኃይል። የስክሪኑ ትንሽ መብራት በርቷልን? ካልበራ ሶኬቱና የኃይል ገመዱ ይታይ። በርቶ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሕፈት ካሳየ ስክሪኑ ደኅና ነው፤ መልእክት ብቻ አልደረሰውም።

ሁለተኛ፤ ገመድ። ገመዱ ተነቅሎ ተመልሶ ይሰካ። የቪጂኤ ገመድ 15 ቀዳዳ ባለው መሰኪያ የሚገባ ነው፤ አንዱ መርፌ ቢጣመም ቀለም ይጎድላል፥ ወይም የስክሪኑ ቃል ሳይደርስ ይቀራል። ስክሪኑ ብዙ መግቢያ ያለው እንደ ሆነ በቁልፉ ትክክለኛው መግቢያ ይመረጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከጀርባው ሁለት ዐይነት መውጫ እንዳለው ይታይ። ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ የገባበት ኮምፒዩተር ሥዕሉን የሚልከው ብዙውን ጊዜ በካርዱ መውጫ ነው፤ ገመዱ በሌላው ላይ ተሰክቶ «ሞቷል» የሚባል ኮምፒዩተር አለ።

ሦስተኛ፤ ማለዋወጥ። ስክሪኑ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፥ ኮምፒዩተሩም በሌላ ስክሪን ላይ ይሞከር። በዚህ ጥፋቱ ከማን ወገን እንደ ሆነ ይለያል።

አራተኛ፤ የጨለመበት ሰዓት። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የሠሪው ምልክት ታይቶ፥ ሊኑክስ ሲነሣ ብቻ የጨለመ እንደ ሆነ፥ ስክሪኑም ገመዱም ካርዱም ሥራቸውን እንደሚችሉ ተመስክሯል፤ ያልተስማማው ድራይቨሩ ወይም ቁጥሩ ነው። ከመጀመሪያው አንዳች ያልታየ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የዕቃ ነው፤ ለባለሙያ ይተው። ይህ ጥያቄ ከምርመራው ሁሉ ዋናው ነው።

አምስተኛ፤ ሊኑክስ መነሣቱን ማረጋገጥ። ኮንትሮል፥ አልትና ኤፍ 3 የሚባሉት ቁልፎች በአንድነት ይጫኑ። ሥዕል የሌለበት የጽሕፈት ገጽ መጥቶ ስም ከጠየቀ፥ ኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ነው፤ የጎደለው የሥዕሉ ክፍል ብቻ ነው። በኤፍ 1 ወይም በኤፍ 2 ወደ ቀድሞው ገጽ ይመለሳል።

ስድስተኛ፤ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ትእዛዝ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሺፍት ወይም የኤስኬፕ ቁልፍ ተጭኖ ግሩብ የሚባለው የመነሻ ዝርዝር ይመጣል። በዚያ ኢ የምትባለው ቁልፍ ትጫናለች፤ ሊኑክስ በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ስፍራ ተትቶ ኤን፥ ኦ፥ ኤም፥ ኦ፥ ዲ፥ ኢ፥ ኤስ፥ ኢ፥ ቲ ተብሎ አንድ ቃል ይጻፋል፤ ከዚያም ኤፍ 10 ይጫናል። ይህ ቃል ለዚያች ሰዓት ብቻ የካርዱን ልዩ ድራይቨር አቁሞ በተራ አሠራር እንዲያሳይ ያደርጋል። ሥዕሉ ከታየ ጥፋቱ የድራይቨሩ መሆኑ ታወቀ። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ቃሉ ይጠፋልና የሚያበላሸው ነገር የለም።

ሰባተኛ፤ ድራይቨሩን መለወጥ። በኡቡንቱ አዲሽናል ድራይቨርስ በሚለው በኩል የሚስማማው ይመረጣል። ይህ ኢንተርኔት የሚያሻው ስለ ሆነ፥ ገጠር ያለው አስተማሪ ኮምፒዩተሩን ወደ ከተማ ሊወስደው ይችላል። በአዲስ አበባ ያለውን የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የመሰሉ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች በየክልሉ ከተሞች ስለሚገኙ፥ ከዚያ ባለሙያ መጠየቅ ነው። እስከ አራተኛው ያለውን ምርመራ በወረቀት ጽፎ የሄደ ሰው ፈጥኖ ይረዳል።

6ኛ፤ ስለ መዝገብ

ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ ደብተር ይኑር። በደብተሩ የካርዱ ስም፥ የስክሪኑ ስም፥ ደኅና ሳለ የነበሩት ሦስቱ ቁጥሮች፥ የተለወጠው ነገር፥ የተለወጠበት ቀንና የለወጠው ሰው ስም ይጻፍ። ማንኛውም የማስተካከያ ፋይል ከመነካቱ አስቀድሞ ቅጂው «የቀድሞው» ተብሎ ይቀመጥ። አስተማሪ ይዛወራል፤ ደብተሩ ግን ይቀራል። የሚተካውም መምህር ካለፈው ድካም ይጀምራል እንጂ እንደ አዲስ አይደናበርም።

7ኛ፤ ልጆች ይነካሉ ብሎ ስለ መፍራት

አንዳንድ ትምህርት ቤት ልጆች እንዳያበላሹት ተብሎ ኮምፒዩተሩ ይቈለፍበታል። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በአገራችን ተደርጓል። በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2012) ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አጠገብ ባሉ ሁለት መንደሮች፥ ፊደል ላልቈጠሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ታብሌቶቹ የሚሠሩት በአንድሮይድ ሲሆን፥ የአንድሮይድ ውስጠኛው ፍሬ ሊኑክስ ነው። የስክሪኑ ገጽ እንዳይለወጥ የሚከለክል ፕሮግራም ተጭኖባቸው ነበር። የድርጅቱ ሰዎች እንደ ተናገሩት፥ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ክልከላውን አልፈው የየታብሌታቸውን ገጽ እንደ ወደዱት አደረጉት፤ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ ከፈቱት።

ያለ መምህር ይህን ያህል የደረሰ ልጅ፥ መምህር ሲያገኝ ምን ያህል እንዲደርስ ማሰብ ይገባል። ስለዚህ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ምርመራውን ከአስተማሪው ጋር ይሥሩ፤ ደብተሩንም እነርሱ ይያዙ። ሽማግሌዎችና የወላጆች ኮሚቴም፥ ኮምፒዩተር ከመዝገብ ይሰረዝ የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸው፥ ምርመራው በተራው መፈጸሙን ከደብተሩ አይተው ይፍቀዱ።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ሲልና ጨርሶ ሳይበራ ሲቀር ልዩነቱ ምንድር ነው?
2. በወርድ 1,366 በቁመት 768 ነጥብ ያለው ስክሪን በጠቅላላ ስንት ነጥብ አለው? ሥዕሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስ ስንት ነጥብ ይላካል?
3. ፊደሉ ለደቀቀበት ተማሪ የትኛው ቁጥር ይለወጥለታል? ስለ ምን?
4. የሠሪው ምልክት ታይቶ ከዚያ በኋላ የጨለመ ስክሪን ስለ ገመዱ ምን ይመሰክራል?
5. በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ ኮምፒዩተር አለን? ካለ፥ በምርመራው ሥርዐት ከአንደኛው ጀምሮ ተፈትኖ የተገኘው ሁሉ በደብተር ይጻፍ።